ስለ እንጅባራ ብርድና ጧት አልነሣም ስለምትል መኪና

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ እንጅባራ የሚሄድ መንገደኛ፥ ግማሽ ቀን በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከአንድ አየር ወደ ሌላ አየር ይሻገራል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጣና ዳር ተቀምጣለች፤ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችው እንጅባራ ደግሞ 2,500 ሜትር አልፋ ትገኛለች። መንገዱ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር አየሩ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ፥ በባሕር ዳር በሸሚዝ የተቀመጠ ሰው እንጅባራ ሲደርስ ጋቢውን ይፈልጋል። ሰውስ ጋቢውን ደርቦ ብርዱን ይመክታል፤ መኪና ግን ጋቢ የላትምና፥ ባለቤቷ አስቀድሞ ካላሰበላት በማግሥቱ ጧት በደጅ ታቆመዋለች።

እኛም በጥር ወር ለጉዳይ ወደዚያ አገር ወጥተን፥ ጥቂት ሌሊት አድረን ስንመለስ፥ ያየነውና ከዐዋቂዎች ጠይቀን የተረዳነው ለቤተ ሰብ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ እነሆ ለክቡራን አንባቢዎች እናቀርባለን። የመኪና ነገር የነጂና የመካኒክ ብቻ ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያለበት ሕመምተኛ፥ ለፈተና የሚጓዝ ተማሪ፥ ለችሎት ቀጠሮ የተጠራ ባለጉዳይ ያለበት ቤት ሁሉ ይህ ነገር ያገባዋል። መኪናዋ ጧት ካልተነሣች የሚዘገየው ነጂው ብቻ አይደለምና።

መንገዱን እንናገር። ከባሕር ዳር ወጥተን መራዊንና ዱርቤቴን አልፈን፥ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስንጓዝ ዳንግላ ደረስን። ይህች ከተማ በታሪክ የታወቀች ናት። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን የተባለ እንግሊዛዊ፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የአገሩ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ ተቀምጦ ነበር። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የመረመረውንም በ1936 በመጽሐፍ አሳትሞታል። በዚያን ዘመን የዚህ አገር ጕዞ የበቅሎና የእግር ጕዞ ነበረ። በቅሎ በብርድ ጧት ጆሮዋን ጥላ ብትቆም እንኳ፥ ጥቂት ሣር ቀምሳ ፀሐይ ሲሞቃት መንገዷን ትቀጥላለች። የዛሬው መንገደኛ ግን ፀሐይ እስክትወጣ ለመጠበቅ ጊዜ የለውም።

ከዳንግላ ወደ ደቡብ ሲሄዱ አዲስ ቅዳም ትገኛለች። በዚህ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን፥ ዘሩ ከአውስትራልያ የመጣውን ዛፍ በማሳው ላይ ይተክላል፤ ካደገ በኋላም ቆርጦ ያከስለዋል፤ ከዚያም ያንኑ መሬት አርሶ እህል ይዘራበታል። ምንም እንኳ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደዌ ዛፉን ቢጎዳው፥ የአገሩ ከሰል እስከ ሩቅ ከተማ የሚጫን ስመ ጥር ከሰል ሆኖ ቆይቷል። ከሰሉን እዚህ ላይ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ ብርድና ስለ ሞተር ስንናገር ዳግመኛ እናገኘዋለን።

እንጅባራ፥ አንዳንዶች ኮሶበር እያሉ የሚጠሯት፥ ከደቡብ ከደብረ ማርቆስ የሚመጣው መንገድ፥ ወደ ሰሜን ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውና ወደ ምዕራብ ወደ ቻግኒ የሚወርደው የሚገናኙባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የዘንገና ሐይቅ ይገኛል፤ ይህም በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው። ጧት ጧት ጉሙ ከውኃው ላይ ተነሥቶ በዙሪያው ባለው ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል ማየት ዐይንን ደስ ያሰኛል።

የሰባት ቤት አገው ሕዝብ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ፈረስን ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ በዓሉም በዓድዋ ጦርነት ለዘመቱት ፈረሰኞችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው። ፈረስ ዐዋቂ የሆነ ሰው በብርድ ሌሊት ያደረ ፈረስን ከጋጣው አውጥቶ ወዲያው አያስጋልብም። በመጀመሪያ ያያል፥ እግሩን ይዳስሳል፥ ጥቂት ያራምዳል፥ ሰውነቱ ሲሟሟቅ ኋላ ይጋልባል። እንዲህ ያለ ጥበብ ባለበት አገር መኪናን በጭፍን የሚያስጨንቅ ሰው ማየት የሚያስደንቅ ነው።

ይህንንም ያልነው በአንድ ጧት ባየነው ነገር ምክንያት ነው። ባረፍንበት ግቢ ውስጥ አንዲት ሚኒባስ አድራ ነበር። አንድ ሽማግሌ ታመው ልጆቻቸው ወደ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው ተከራይተዋት ነበርና፥ ገና ጎሕ ሳይቀድ ሽማግሌውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው አመጧቸው። ውርጩ በሣሩና በመስተዋቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ወጣቱ ነጂ ቁልፉን ቢያዞር፥ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ። ዳግመኛ አዞረ፤ ድምፁ ከፊተኛው አነሰ። በሦስተኛው ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ተሰማ። ወዲያው በዙሪያው የቆመው ሰው ሁሉ ዳኛ ሆነ። አንዱ እንግፋት አለ። ሁለተኛው የከሰል ምድጃ አምጥቶ ከሞተሩ በታች ሊያኖር ተነሣ። ሦስተኛው ባትሪው ሞቷል፥ ሱቅ ሲከፈት አዲስ ይገዛ ብሎ ፈረደ። የሽማግሌው ታላቅ ልጅ የመድኃኒት መግዣ ብሎ የቋጠረውን ብር ከኪሱ አውጥቶ ይቈጥር ጀመር።

በዚህ መካከል በዚያው ግቢ ያደሩ፥ ጠጕራቸው የሸበተ የጭነት መኪና ነጂ ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡ። «ተው ልጄ፥ ቁልፉን ልቀቀው» አሉት።

«ጋሼ፥ ባትሪው እኮ ሞቷል» አላቸው ወጣቱ።

«ሳትጠይቀው ሞቱን በምን ዐወቅህ? በል የፊት መብራቱን አብራው» አሉ።

መብራቱ ሲበራ ደኅና አድርጎ በራ። ከዚያም መብራቱ እንደ በራ ቁልፉን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያዞር አዘዙት፤ ባዞረ ጊዜ መብራቱ ድርግም አለ፥ ሲለቅም ተመልሶ በራ። ሽማግሌው ነጂ ክዳኑን አስከፍተው የባትሪውን ሁለት ራሶች በጣታቸው ዳሰሱ። አንደኛው እንደ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ሞቆ ነበር፤ በላዩም ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ጋግሮበታል። «ይኸው ነው» አሉ፤ «ባትሪው ኃይል አለው፥ መተላለፊያው ግን ተዘግቷል።»

ከዚያም አስቀድመው የኔጌቲቩን፥ ቀጥለው የፖዘቲቩን ገመድ ፈትተው፥ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ አጠቡት፤ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፈገፈጉት፤ አድርቀው በግሪስ ቀብተው ፖዘቲቩን አስቀድመው ኔጌቲቩን አስከትለው አጥብቀው አሠሩት። መብራቱንና ራዲዮውን አስጠፍተው፥ ፍሪሲዮኑን እስከ ታች አስረገጡት። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ተነሣ። ሁሉም ነገር ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀም፤ የተከፈለበትም ገንዘብ የለም። ሕመምተኛውም ጕዟቸውን ጀመሩ፤ የልጅየውም ብር በኪሱ ተመለሰ።

እኛም መኪናዋ ከሄደች በኋላ ለሽማግሌው ነጂ አንድ ጥያቄ አቀረብንላቸው። ያ ዱቄት በአንድ ሌሊት የጋገረ አይደለም፤ እንግዲያስ በትናንትናው ቀን በቆላው ስትነሣ የዋለች መኪና ዛሬ ስለ ምን እምቢ አለች? አልናቸው። እሳቸውም «ብርድ በሽታ አያመጣም፥ የተደበቀውን ያወጣል እንጂ» ሲሉ መለሱልን። ከዚህ በኋላ ከመጽሐፍም ከባለ እጆችም ብንመረምር፥ የዚህ ሁሉ ነገር ቍልፉ ይህ ቃል ሆኖ አገኘነው። ምክንያቱንም እንደሚከተለው እናስረዳለን።

ብርድ መኪናን በሦስት በኩል ይይዛታል። መጀመሪያው ባትሪው ነው። በ1859 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ የፈለሰፈው የእርሳስና የአሲድ ባትሪ፥ ኃይሉን የሚሰጠው በውስጡ ያለው አሲድ ከእርሳሱ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ይህም ውሕደት በብርድ ይዘገያል። ባትሪው በ27 ዲግሪ ሙቀት የሚሰጠውን ኃይል መቶ እጅ ብንለው፥ በ0 ዲግሪ ወደ 65 እጅ ይወርዳል። ሁለተኛው ዘይቱ ነው። ዘይት በብርድ እንደ ማር ይወፍራልና፥ ሞተሩን ለማዞር ከወትሮው የበለጠ ጕልበት ይጠይቃል። እንግዲህ ጕልበት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ጕልበት ሰጪው ይደክማል ማለት ነው። ሦስተኛው ነዳጁ ነው። ቤንዚን በብርድ በደንብ ስለማይተን የሚቀጣጠለው ክፍል ያንሳል። በናፍጣ የሚሠራው ሞተር ደግሞ፥ ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል በ1897 በሥራ ያሳየው፥ እሳት የሚለኩስ ካንዴላ የለውም፤ አየሩን አጥብቆ በመጭመቅ ከ500 ዲግሪ በላይ አግሎ ናፍጣውን በዚያ ግለት ያቀጣጥለዋል። ብረቱ ሁሉ በቀዘቀዘ ጊዜ ግለቱን ብረቱ ይውጠዋል።

በእንጅባራ በዚህ ሁሉ ላይ ከፍታው ይጨመርበታል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህል ብቻ ነው። ውኃ እንኳ 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተሩም የሚስበው አየር ስስ ስለ ሆነ ጭመቃው የዚያኑ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በጣና ዳር የማይታወቅ ጥቂት ጕድለት፥ የላላ ገመድ፥ ያረጀ ባትሪ፥ ያደፈ ካንዴላ፥ በዚህ ደጋ ሲደርስ ይገለጣል።

ሞተርን ማስነሣት ከጥንትም ቢሆን ቀላል ሥራ አልነበረም። ቤዴ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ የዚያ ዘመን ሞተር የሚነሣው ከፊት በኩል በሚሰካ ማኖቤላ በክንድ ጕልበት እየተዞረ ነበር። ሞተሩ በድንገት ወደ ኋላ ሲመታ ማኖቤላው የብዙ ነጂዎችን ክንድ ሰብሯል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ በ1911 በኤሌክትሪክ የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ሠርቶ በ1912ቱ ካዲላክ ላይ ከገባ ወዲህ፥ ሰው ከዚህ ድካም ዐረፈ። ነገር ግን ክንድ ሲያርፍ ጆሮም አብሮ ዐረፈ። ማኖቤላ የሚያዞር ሰው ሞተሩ መክበዱን በእጁ ያውቀው ነበር፤ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ግን ካላዳመጠ ምንም አያውቅም።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይሁን? በችሎት ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንደማይሰጥ ሁሉ፥ መኪናም ቃሏን ሳትሰጥ ዕቃ ሊለወጥባት አይገባም። የምትሰጠውም ቃል ከአራት አይበልጥም።

አንደኛው፥ ቁልፉ ሲዞር ዝም ብላ ወይም ቀጭ ብቻ ብላ እንደ ሆነ፥ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው፤ ነዳጁን መነካካት ከንቱ ድካም ነው። መብራቱን አብርቶ ማየት ይገባል። ገና ከመነሻው ፈዞ ከበራ ባትሪው ባዶ ነው። ደኅና በርቶ ቁልፉ ሲዞር ድርግም ካለ፥ የባትሪው ራሶችና ወደ ሞተሩ ብረት የሚሄደው ገመድ ይመርመሩ። መብራቱ ምንም ሳይፈዝ ሞተሩ ዝም ካለ፥ ጥርጣሬው በሞተሪኖው ወይም ወደ እሱ በሚሄደው ሽቦ ላይ ይወድቃል። ማርሹ አውቶማቲክ የሆነ መኪና ደግሞ ማርሹ በማቆሚያው ቦታ በደንብ ካልገባ ሞተሪኖው አይታዘዝምና፥ ይህም አስቀድሞ ይታይ።

ሁለተኛው፥ ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ቢዞር፥ ባትሪው ደክሟል ወይም ዘይቱ ወፍሯል። የቮልት መለኪያ ያለው ሰው መኪናዋ ካደረች በኋላ ይለካ። 12.6 ቮልት ቢያሳይ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ቢያሳይ ግማሽ ያህል ጎድሏል፤ 12 ቢደርስ ሊያልቅ ቀርቧል። ሞተሪኖው በሚያዞርበት ጊዜ ከ9.6 በታች ከወረደ፥ በሙሉ የተሞላ ባትሪ ሆኖ ሳለ እንዲህ ካደረገ፥ አርጅቷልና መለወጥ አለበት። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ግን በብዙዎቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያህል ሊታይ ይገባል። ይህ ካልታየ ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የሚሞላው የዲናሞው ነው፤ አዲስ ባትሪ ቢገዛም በሳምንቱ ይሞታል።

ሦስተኛው፥ ሞተሩ በደንብ እየዞረ እሳት ባይዝ፥ ባትሪው ነጻ ነው። በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉን ግማሽ አዙሮ የማሞቂያው ምልክት እስኪጠፋ ድረስ መታገሥ ያስፈልጋል፤ በብርቱ ብርድ ሁለት ጊዜ ማድረግ ይጠቅማል። እየዞረ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ናፍጣው እየገባ ሳይቃጠል ይወጣል ማለት ነውና፥ ማሞቂያዎቹ ይመርመሩ። ጭስ ከነጭራሹ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም፤ ፊልትሮው ውስጥ ውኃ ወይም አየር ገብቶ ይሆናል። በቤንዚን ለሚሠራው፥ የቤንዚን ሽታ ቢበዛ ካንዴላዎቹ ርሰዋል፤ ጥቂት ጊዜ ታግሦ ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጦ ማዞር ያደርቃቸዋል። በአዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ የውኃውን ሙቀት ለኮምፒዩተሩ የሚነግር ትንሽ መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ተበላሽቶ ሞተሩ ሳይሞቅ ሞቋል ብሎ በሐሰት ቢመሰክር፥ ኮምፒዩተሩ ለብርድ የሚገባውን ተጨማሪ ቤንዚን አይሰጥም። ቀትር ላይ እየተነሣች ጧት ብቻ እምቢ የምትል መኪና በዚህ ምስክር ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አራተኛው፥ ተነሥታ ወዲያው የምትጠፋ መኪና ናት። በዚህ ጊዜ የአየር ማጣሪያው መታፈኑ፥ የአየር ማስገቢያው መቆሸሹ፥ ነዳጅ የሚገፋው ፓምፕ መድከሙ፥ በአሮጌዎቹም ካርቡራቶሪ ላይ ያለው የብርድ ጊዜ መክደኛ አለመሥራቱ በየተራ ይመርመር።

በማናቸውም ሁኔታ ቁልፉን ከ10 ሴኮንድ በላይ ማዞር አይገባም፤ ከዚያም አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ ነው። ያለ ዕረፍት የሚያዞር ሰው ባትሪውን ይጨርሳል፥ ሞተሪኖውንም ያቃጥላል፤ አንድ ጥፋት የነበረው ሦስት ይሆናል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ማለት ይህ ነው። ከሌላ መኪና በገመድ ኃይል የሚበደርም ቢሆን ሥርዓቱን ይጠብቅ። ቀዩ ገመድ ከደከመው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ደኅናው ፖዘቲቭ ይያያዛል፤ ጥቁሩ ከደኅናው ኔጌቲቭ ተነሥቶ በደከመችው መኪና፥ ከባትሪው በራቀ ባዶ ብረት ላይ ይታሠራል፤ ሲፈታም ከመጨረሻው ጀምሮ ወደ ኋላ ነው። ባትሪ በቀላሉ የሚፈነዳ ጋዝ ያወጣልና ክብሪትና ሲጋራ አይቅረብ።

አሁን ስለ ከሰሉ እንናገር። በደጋ አገር ሞተር እምቢ ሲል ምድጃ ከሥሩ ማኖር በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው። ነገር ግን በሞተር ሥር ያንጠባጠበ ዘይትና ነዳጅ፥ የጎማ ቱቦና ሽቦ አለ፤ አንድ ፍንጣሪ መኪናዋን ከነግቢው ሊያቃጥል ይበቃል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የማይታየው ነው። ከሰልም የሞተር ጭስም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣሉ፤ ይህም ቀለምና ሽታ የለውም። ብርዱን ሸሽቶ መኪናውን ከመኝታ ቤት ጋር በተያያዘ ዝግ ቤት ውስጥ የሚያሞቅ አባወራ፥ ሳያውቀው ልጆቹን በእንቅልፋቸው ይመርዛል። ስለዚህ ሞተር የሚነሣው በሜዳ ወይም በር ወለል ብሎ በተከፈተበት ቦታ ብቻ ይሁን። ለማሞቅም ቢሆን ሞተሩ ቆሞ ብዙ ሊቈይ አያስፈልግም፤ አንድ ደቂቃ ያህል ካደመጡት በኋላ በዝግታ መንዳት ይሻላል። ይህም ፈረስን ማራመድ እንደ ማለት ነው። በውርጭ የተሸፈነ መስተዋት ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስም መስተዋቱን ይሰነጥቀዋልና የተከለከለ ይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ከሁሉ የሚሻለው ብርዱ ሳይመጣ መሰናዳት ነው። ኅዳር ከመግባቱ በፊት የባትሪው ራሶች ይጠረጉ፥ ይጥበቁ፥ ግሪስም ይቀቡ። አራትና አምስት ዓመት ያገለገለ ባትሪ በመለኪያ ይፈተን። ዘይቱ ሲለወጥ በቆርቆሮው ላይ ያለው ቍጥር ይነበብ፤ ደብልዩ ከሚለው ፊደል በፊት ያለው ቍጥር የብርዱ ነው፥ ሲያንስም ዘይቱ በብርድ ይቀጥናል። ለቆላ የሚስማማው 20 ደብልዩ 50 ለእንጅባራ ጧት ይከብዳል፤ የመኪናዋ መጽሐፍ ከፈቀደ 10 ደብልዩ 30 ወይም 5 ደብልዩ 30 ይሻላል። በናፍጣው ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመው ውኃ በየጊዜው ይፍሰስ። ማታ ጋኑን በነዳጅ ሞልቶ ማሳደር ደግሞ የሌሊቱ ጤዛ በባዶው ውስጥ ውኃ እንዳይሠራ ይረዳል። በከተማ ውስጥ አጭር መንገድ ብቻ የምትመላለስ መኪና ለመነሣት ያወጣችውን ኃይል ሳትመልስ ትቆማለችና፥ በሳምንት አንድ ቀን ረዘም ያለ መንገድ ትሂድ። ማታ ስትቆምም የውስጡ መብራትና ራዲዮው መጥፋታቸው ይታይ፤ ይህን ሥራ ለቤቱ ልጆች ቢሰጧቸው ደስ ብሏቸው ይፈጽሙታል።

ይህ እንክብካቤ ከፊት ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ መንግሥት ስለ ወሰነ፥ በእጃችን ያሉት በየዓመቱ እያረጁ ይሄዳሉ፤ የሚተኩትም በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ናቸው። እነዚህም ቢሆኑ ዘይትና ካንዴላ ባይኖራቸው፥ ባትሪያቸው ብርድን ይፈራል፤ በብርድ ቀን የሚሄዱት ርቀት ያጥራል፤ ብዙዎቹም መብራታቸውንና መቈጣጠሪያቸውን የሚያስነሣ አንድ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ስለ አላቸው፥ የእሱ ራሶች ሲዝጉ እንደ አሮጌዎቹ ዝም ይላሉ።

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ ብለው አባቶቻችን ተናግረዋል። በአዊ ደጋ አንዲት መኪና የብዙ ቤት አገልጋይ ናት፤ ጧት መነሣቷ ለአንዱ ሕይወት፥ ለሌላው እንጀራ ይሆናል። ስለዚህ በብርድ ጧት መኪናው እምቢ ያለው ሰው ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት መብራቱን ያብራ፥ ጆሮውን ያቅና፥ የባትሪውንም ራስ ይዳስስ፤ ከዚያ ወዲያ መካኒክ ቢጠራ እንኳ የሚነግረውን ያውቃል፥ ያልጠፋ ዕቃም አይለወጥበትም።